ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ፣ ሾላ ገበያ፣ የቅመም ሻጮች መደዳ። ሰውየው ከፊቱ ከደረደራቸው ጆንያዎች ግማሾቹ ለወጥ፣ ግማሾቹ ለሕመም ናቸው፦ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ፌጦ፣ ተልባ፣ እርድ፣ የተፈጨ የሽፈራው ቅጠል፣ የደረቀ ግራዋ፣ ምንነቱን ስጠይቀው «የውጭ ነው» ብሎ ያለፈኝ ቀይ ፍሬ። እኔ አብሽ ልገዛ ቆሜያለሁ። ስልሳን ያለፉ የሚመስሉ እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ቀድመውኛል።

«ለስኳር የሚሆን አታጣም መቼም?»

«የስኳርም የግፊትም አለ፣ እናቴ። ለራስዎ ነው?»

«ለራሴ ነው እንጂ። ግፊቱም አለ። ውፍረቱ ደግሞ ይኸው፣ ደረጃ መውጣት ከልክሎኛል።»

ሰውየው አልቸኮለም። ስኳሩ ከያዛቸው ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ እግራቸውን ያቃጥላቸው እንደሆነ፣ ሌሊት ለሽንት ስንቴ እንደሚነሱ፣ እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆነ እያከታተለ ጠየቀ። እሳቸውም በደንብ መለሱ፤ በመሀል የሟች ባላቸው ሕመም ሁሉ ተነሣ። ከዚያ ከሦስት ጆንያ እየዘገነ በአንድ ፌስታል ቀላቀለና ቋጠረው።

«ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አንድ ማንኪያ ለብ ባለ ውኃ።»

«የሻይ ማንኪያ ነው የሾርባ?» አለች ልጅቱ።

«እንደ አቅም ነው። ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል?»

እናትየው ከቦርሳቸው የኪኒን ማሸጊያ አወጡ፤ ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን፣ ሁለቱም ግማሽ ድረስ የተወሰዱ። «እነዚህንስ ምን ላድርጋቸው?»

«ቀስ እያሉ ይተዉታል። ስንቱ ነው ተገላግሎ እዚሁ መጥቶ ያመሰገነኝ!»

ልጅቱ ወደ ጎን ዞር አለች። እናትየው ግን ፊታቸው በርቶ ከፍለው ሄዱ።

ይህን ሰው አጭበርባሪ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ታሪኩን ያጫወትኩት አንድ ፋርማሲስት ያለውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። ሰውየው ለእኚህ እናት ጊዜ ሰጥቷቸዋል፤ እግራቸውን ጠይቋል፣ እንቅልፋቸውን ጠይቋል። በጤና ጣቢያ የግፊትና የስኳር ክትትል ያለበት ሰው የቀጠሮውን ቀን ያውቀዋል፦ ሳይነጋ ወረፋ፣ ካርድ ማስወጣት፣ ግፊት መለካት፣ ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም፣ ከዚያ ሐኪሙ ወይም ጤና መኮንኑ ፊት ጥቂት ደቂቃ። «መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው? ጨው ይቀንሱ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ክብደት ይቀንሱ። ቀጣይ!» ባለሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል። «ክብደት ይቀንሱ» የሚለው ትእዛዝ ግን «እንዴት?» ለሚለው መልስ ሳይኖረው በር ላይ ይቀራል። እንዴት የሚለውን የሚያስረዳ ሰው ገበያ ውስጥ ተገኘ፤ ሰዎች ወደዚያ ሄዱ።

የጥርጣሬው ሥር ግን ከወረፋው ይጠልቃል። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም። ሰው ለሌላ ጉዳይ ወይም ለመንጃ ፈቃድ ምርመራ ደህና ሆኖ ይሄድና በሽተኛ ተብሎ ይመለሳል። ኪኒኑን ሲጀምር ደግሞ ያልነበረ ነገር ይመጣል፤ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፣ ኢናላፕሪል አንዳንዱን ደረቅ ሳል ያስለዋል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለሽንት ያመላልሳል፣ ሜትፎርሚን ሆድ ይበጠብጣል። በእሱ በኩል ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ሳልታመም ሄድኩ፣ መድኃኒት ጀመርኩ፣ ታመምኩ። እንዲህ ያሰላ ሰው ሞኝ አይደለም። ከሒሳቡ የጎደለው፣ ያ ዝም ያለ ግፊት ዓመታት ቆይቶ በስትሮክ፣ በልብ ድካም ወይም በኩላሊት መድከም ብቅ የሚል መሆኑ ነው። አምሎዲፒን እግር ካሳበጠ በሌላ የሚተካ መሆኑን፣ ኢናላፕሪል ካሳለም እንዲሁ ሌላ አማራጭ መኖሩን የሚነግረው ካጣ፣ የሚቀረው አማራጭ ኪኒኑን መተው ነው።

«ግፊቴ ሲነሣ ይታወቀኛል» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ራሱን ሲያመው አንድ ይውጣል፣ ሲሻለው ያቆማል፤ የተረፈውን ለጎረቤት ያካፍላል። «አንዴ ከጀመርከው አትላቀቀውም» የሚል ፍርሃትም አለ፤ ኪኒኑ እንደ ሱስ ይታያል። ኢንሱሊን የታዘዘለት ደግሞ «በቃ አለቀልኝ» ይላል። ለምን? የሚያውቀው ጎረቤቱ ኢንሱሊን የጀመረው ዓይኑ ከደከመ፣ እግሩም ሊቆረጥ ከደረሰ በኋላ ነበርና። መድኃኒቱ ዘግይቶ ስለመጣ በበሽታው ጥፋት ተወነጀለ። ከዚህ ሁሉ ጋር ታካሚው ከፍሎ የወጣው የላቦራቶሪ ዝርዝር፣ የማይነበብ የሐኪም ጽሕፈት፣ ፋርማሲው «ይኸኛው ይሻላል» ብሎ የቀየረው መድኃኒት ሲደመር፣ ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ ይገባል።

የክብደት ነገር ደግሞ ለኛ አዲስ ነው። «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» ከምርቃት የሚቆጠርበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። «ምነው ከሳህ?» ደግሞ ጭንቀት ነበር። ኤች አይ ቪ ከተማውን ባዳረሰባቸው ዓመታት የከሳ ሰው ይታማ ስለነበር፣ ጥቂት ሥጋ መልበስ ጤነኛ የመሆን ማስረጃ ሆኖ ያገለግል ነበር። ከዚያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ደረሱ። በከተማ ደግሞ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የተቀመጠ ሥራ፣ ታክሲ፣ ለስላሳ፣ በዘይት የተነከረ ጥብስ፣ በስኳር የጠገበ ሻይ። (ጾም ያከሳል የሚለውን እርሱት፤ በጾም ወቅት ሳምቡሳና ፓስቲ ምን ያህል እንደሚሸጥ የሠፈራችሁን ባለ መጥበሻ ጠይቁ።)

ገበያው ይህን ቶሎ አሸተተ። በቴሌግራምና በቲክቶክ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ ይሸጣል፣ ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ካፕሱል ይሸጣል፣ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ ይለጠፋል፤ ማሸጊያው ላይ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብሎ ተጽፏል። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ እሱም ጥንታዊ የሆድ ማጽጃ ነው። ሁለት ቀን ሲያስቀምጥ ሚዛኑ ይወርዳል፤ የወረደው ግን ውኃና ጨው ነው፣ ስቡ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በሰውነት ያለውን ፖታሲየም ያራቁታል፤ ያ ደግሞ ልብ የሚመታበትን ሥርዓት ሊያዛባ ይችላል።

ካፕሱሎቹ የባሰ ጉድ አላቸው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት ቀናሽ መድኃኒት ነበር። የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያበዛ ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ «ዕፅዋት ብቻ» ተብለው የሚሸጡ የክብደት መቀነሻዎችን ሲመረምር በብዙዎቹ ውስጥ በድብቅ ተቀላቅሎ አገኘው። ነጋዴው ለምን እንዲህ ያደርጋል? ቅጠሉ ብቻውን ስለማያከሳ ነው። ደንበኛዋ በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ ካላየች ሁለተኛውን ብልቃጥ አትገዛም። ስለዚህ ከፋብሪካ መድኃኒት ሸሽታ የሄደችው ሴት፣ መጠኑ ያልተጻፈ የታገደ የፋብሪካ መድኃኒት እየዋጠች ነው።

ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይቀላቅልም ቅጠል ሊገድል ይችላል። የብራስልሱን ታሪክ ማወቅ ለዚህ ይጠቅማል።

በቤልጅየም ዋና ከተማ ውስጥ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለዓመታት ሲሠራ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1990 ለደንበኞቹ በሚሰጠው ካፕሱል ውስጥ የቻይና ባህላዊ ዕፅዋት ተጨመሩ፤ አንደኛው ስቴፋኒያ የተባለ ተክል ሥር ነበር። ብዙም ሳይቆይ የከተማዋ የኩላሊት ሐኪሞች ግራ ተጋቡ። ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ምንም ዓይነት የኩላሊት ታሪክ የሌላቸው ሁለት ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት እየደከመ መጡ። ናሙናው በአጉሊ መነጽር ሲታይ የኩላሊቱ ሥጋ በጠባሳ ተሞልቷል። ሲጠየቁ ሁለቱም የዚያው ክሊኒክ ደንበኞች ሆነው ተገኙ። ፕሮፌሰር ዣን ሉዊ ቫንኸርዌገምና ባልደረቦቻቸው ፈለጉን ተከትለው በ1993 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ይፋ አወጡት።

ካፕሱሉ ውስጥ የተገኘው ስቴፋኒያ አልነበረም። በቻይንኛ የሁለቱ ሥሮች መጠሪያ ስለሚመሳሰል፣ አሪስቶሎኪያ የተባለ ሌላ ተክል በቦታው ገብቷል። ይህ ተክል የያዘው አሲድ ኩላሊትን ያደርቃል፣ ካንሰርም ያመጣል። ተጎጂዎቹ ከመቶ በላይ ሆኑ፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በኩላሊት እጥበት ወይም በንቅለ ተከላ እንዲገፉ ተፈረደባቸው። ቆይቶም ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ከሞተ ሰዎች መካከል 39ኙ ለጥንቃቄ ሲባል ኩላሊታቸውና የሽንት ቧንቧቸው ሲወጣ በ18ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ውጤቱ የታተመው በ2000 ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስፈራኝ ሴቶቹ ካፕሱሉን ሲወስዱ ደህና መሆናቸው ነው። ሕመም የላቸውም። እየከሱም ነበር። ጉዳቱ እንደ ደም ግፊት ዝም ብሎ ነው የሠራው። የሾላው ሰውዬ «ስንቱ ነው ተገላግሎ መጥቶ ያመሰገነኝ» ሲል የሚናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚመለሱት የተሻላቸው ናቸውና። ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ሾላ አይመጣም፣ የእጥበት ወረፋ ላይ ነው። ሻጩም በጭራሽ አያየውም። የብራስልሶቹ የተገኙት ሁለቱ ሴቶች አንድ ሐኪም ፊት በመድረሳቸው፣ የወሰዱት ካፕሱልም ከየትኛው ክሊኒክ እንደመጣ በመታወቁ ነው። ከጆንያ ተዘግኖ በፌስታል የተቋጠረን ነገር ማን ይከታተለዋል?

«ፋርማሲውስ?» የሚል ጠያቂ ይኖራል፤ መጠየቁም ይገባል። በክብደት ጉዳይ የዘመናዊው ሕክምና ታሪክ የሚያኮራ አይደለም። ፌንፍሉራሚን የተባለው የማክሻ መድኃኒት የልብ ቫልቭ እንደሚያበላሽ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ1997 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። በፈረንሳይ ግን የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሜዲያቶር ለስኳር ሕመምተኞች በሚል ፈቃድ እስከ 2009 ሲሸጥ ቆየ፤ ብዙ ሰው የሚወስደው ለመክሳት ነበር። የብሬስት ከተማ የሳንባ ሐኪም የሆኑት ኢሬን ፍራሾን መረጃውን አንድ በአንድ ሰብስበው፣ ከአምራቹም ከተቆጣጣሪውም ጋር ተጋፍጠው ነው ያስቆሙት። የፓሪስ ፍርድ ቤት በ2021 አምራቹን ሰርቪዬን በከባድ ማታለልና ባለማወቅ በመግደል ጥፋተኛ ብሎታል። ስለዚህ «የመድኃኒት ኩባንያ ለገንዘቡ ነው» የሚል ሰው ከንቱ አይናገርም። ሜዲያቶርን የጣለው ግን የታካሚ መዝገብ፣ የልብ አልትራሳውንድና የሐኪም እልኸኝነት ነው፤ ሕክምናው ራሱን የሚመረምርበት መንገድ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ አለው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ይህ የማወቅ መንገድ ለኛ ባዕድ አልነበረምና። ኮሶን ተመልከቱ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ከኮሶ ትል ጋር ለዘመናት ሲታገል የኖረው በኮሶ ዛፍ አበባ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ሄዶ በመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል፤ የዛፉ የሳይንስ ስምም ሀገራችንን ይዟል። ግን ኮሶን «ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል?» ብሎ የጠጣ አያት አልነበረንም። የሴቴው ዛፍ አበባ ተመርጦ ይወቀጣል፣ በልክ ይበጠበጣል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ ጠጪው የዚያን ቀን ሥራ አይወጣም፣ ቤት ይውላል። ነፍሰ ጡር አትጠጣም። የደከመ ሰው አይጠጣም። መጠኑ ሲበዛ እንደሚያስታውክ፣ ዓይን እንደሚጎዳ፣ እንደሚገድልም ያውቁ ነበር። መፍራታቸው መድኃኒት መሆኑን ማወቃቸው ነበር። በኋላ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉ ኪኒኖች ሲመጡ ኮሶ ከቤት የወጣው ነጮች ስላጣጣሉት አይመስለኝም፤ አንድ ቀን የሚያስተኛው ምሬት በአንድ ኪኒን ስለተተካ ነው።

እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል እንዳለን አረጋገጡ። ለዓለም ለማሳመን ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀባቸው፤ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። የውጭ ባለሙያዎች ንቀት አንዱ ምክንያት እንደነበር የሚክድ የለም። አክሊሉ ለንቀቱ የሰጡት መልስ ግን ምርመራ ነበር፦ ስንት ግራም፣ በስንት ውኃ፣ ዓሣውንስ ይገድላል ወይ?

ሾላ ላይ ልጅቱ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። የሻይ ማንኪያ ነው የሾርባ?

ሜትፎርሚን ራሱ የተክል የልጅ ልጅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የተባለ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተክል ለዘመናት «ብዙ ለሚሸናው» ሰው ይሰጥ ነበር። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ስኳርን እንደሚያወርድ ታወቀ፤ ነገር ግን መርዛማ ነበር፣ የበላው ከብትም ይሞታል። ኬሚስቶች ዘመዶቹን ሠርተው ከመርዙ ለዩት፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር ሕመምተኞች መስጠታቸውን አሳተሙ። እናትየው ከቦርሳቸው አውጥተው «ምን ላድርገው?» ያሉት ኪኒን፣ ልኩ የታወቀ ቅጠል ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ተፈጥሯዊው መንገድ ውሸት ነው? አይደለም። እንዲያውም ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ ለተፈጥሯዊው መንገድ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ያለው በሐኪሞቹ እጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን ወሰደ፣ አንዱ ምንም የሌለበት ኪኒን ወሰደ፣ ሦስተኛው በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመድና ከክብደቱ ከመቶ 7 እንዲቀንስ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ውጤት ሜትፎርሚን በስኳር የመያዝ ዕድልን በ31 ከመቶ ቀነሰ፤ እግርና አመጋገብ ግን በ58 ከመቶ። ኪኒኑ ተሸነፈ። በ2017 ይፋ የሆነው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ከዚህ ያልፋል፤ ዓይነት ሁለት ስኳር የያዛቸው ሰዎች ለጥቂት ወራት በቀን 800 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየወሰዱ ሲከሱ፣ ከዓመት በኋላ 46 ከመቶዎቹ ያለ ስኳር መድኃኒት ስኳራቸው ከመስመር በታች ሆኖ ተገኘ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ ደግሞ 86 ከመቶ።

ስለዚህ «ቀስ እያሉ ይተዉታል» የሚለው ተስፋ ከንቱ አልነበረም፤ አንዳንድ ሰው በእርግጥ ይተወዋል። ልዩነቱ በአሜሪካው ጥናት እያንዳንዱ ሰው 16 ትምህርት ከራሱ አማካሪ ጋር መቀመጡ፣ በብሪታንያው ደግሞ መድኃኒቱ ሲቆም ነርስ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ስኳሩንና ግፊቱን እየለካ መከታተሉ ነው። ይህ በብልቃጥ አይሸጥም። ኩባንያው አይሸጠውም፣ የቅጠል ሻጩም አይሸጠውም፣ ጤና ጣቢያውም ጊዜ የለውም። ማንም የማያተርፍበት መድኃኒት ባለቤት ያጣል። እሑድ ጠዋት በ«መንገድ ለሰው» አስፋልቱ ተዘግቶ ሰው ሲሮጥና ሲራመድ ሳይ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሚሸጠው የማክሻ ሻይ ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም።

ሽፈራውን ውሰዱ። ኮንሶና ጋሞ ውስጥ ዛፉ ጓሮ ላይ ቆሞ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይቀቀላል፣ ኩርኩፋ ከተባለው የአካባቢው ምግብ ጋር ይበላል። እዚያ ምግብ ነው፤ ማዕድ ላይ ቦታ ይይዛል፣ ሌላ ነገር ይተካል። አዲስ አበባ መጥቶ ዱቄት ሲሆን ከሦስት ጊዜ ጥብስና ስኳር ሻይ ላይ የሚነሰነስ ማንኪያ ሆነ። አብሽም ቢሆን ሆድ ውስጥ እንደ ሙጫ የሚሆነው አሰሩ የስኳርን አገባብ እንደሚያዘገይ በትንንሽ ጥናቶች ታይቷል፤ መጠነኛ ነው፣ ግን አለ። ችግሩ ጠቃሚ መሆኑ በራሱ ነው። ስኳር የሚያወርድ ቅጠል ስኳር በሚያወርድ ኪኒንና በኢንሱሊን ላይ ሲደረብ ሰውን መንገድ ላይ ሊጥል ይችላል። ለልብ ቫልቭ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ድንገት አረንጓዴ ቅጠል በብዛት ከጀመረ፣ በቅጠሉ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይሰብረዋል፤ ደሙም ይረጋል። ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። ታካሚው ግን አይነግረውም፤ ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል።

መደበቁን ማስቀረት እንደሚቻል በአንድ ከባድ ጉዳይ አይተነዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። እንጦጦ ማርያም ፀበል ላይ የሰፈሩ ሕሙማን ውስጥ ኪኒኑን መውሰድ እምነትን መክዳት የመሰላቸው ነበሩ፤ ጥለውት የሞቱም አሉ። ሐኪሞች «ፀበሉን ተዉ» ቢሉ ኖሮ ማንም አይሰማቸውም ነበር። በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ። ሰው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሲባል የሚወደውን ይመርጣል፤ ሁለቱንም ያዝ ሲባል ግን ኪኒኑንም ይወስዳል።

እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችንም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደዚያ ለማጓጓዝ በተደረጉት ዘመቻዎች ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ በዓመታት ውስጥ ግን የአዲሱ አገር ዳቦ፣ ስኳርና መቀመጥ አስፋፋው። በ1998 የተቋቋመው ጤና ብሪኡት የተባለው ድርጅት ከማኅበረሰቡ የወጡ ሰዎችን አሠልጥኖ፣ ስለ እንጀራውም ስለ ኪኒኑም በአማርኛ እንዲነጋገሩ አደረገ። እኛም እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመርነው የጤና ኤክስቴንሽን አለን፤ በየቀበሌው በር የሚያንኳኩ ሴቶች። ስለ ሽንት ቤትና ስለ ክትባት የገቡበት ቤት ውስጥ ስንት ሊትር ዘይት እንደሚያልቅ፣ መደርደሪያው ላይ ምን ዓይነት ብልቃጥ እንዳለ ከሐኪሙ ቀድመው ያያሉ።

አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የስኳርና የግፊት ክፍል ነርስ የሆነች ሴት እንዴት እንደምትሠራ ተቀምጬ አይቻለሁ። ግፊት እየለካች «ከኛ ሌላ ምን እየወሰዱ ነው?» ትላለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ስሙን የማያውቁ ከሆነ ፌስታሉን ይዘው እንዲመጡ ትነግራቸዋለች። ያመጣሉ። ከጠረጴዛዋ ሥር ያለው መሳቢያ ሲከፈት የአብሽና የጥቁር አዝሙድ ሽታ ያውዳል፤ የማር ጠርሙስ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥር፣ የአረብኛ ጽሕፈት ያለበት የሻይ ካርቶን አለ። አብሽና ሽፈራው ይዘው የሚመጡትን አትከለክላቸውም። መጠኑን በማንኪያ ታስለካቸዋለች፣ ኪኒኑን ሳያቋርጡ በሳምንት ተመልሰው ስኳራቸውን እንዲለኩ ትቀጥራቸዋለች፤ ከወረደ ኪኒኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፣ እሱም ደስ ብሎት ይቀንሳል። ስም የሌለበትን ካፕሱል ግን ትወስድባቸዋለች። «በሁለት ሺህ ብር የገዛሁትን!» ብለው የሚጣሏት አሉ፤ አንዷ ገንዘቤን ካልመለስሽ ብላ በር ላይ ቆማ ዋለች። ነርሷ አልመለሰችም፤ የቀጠሮ ካርዷን ግን ሞልታ ሰጠቻት፣ ሴትየዋም በቀጠሮዋ ቀን እየተቆጣች መጣች።